ስክሪኑ «እየደወልኩ ነው» እያለ መስመሩ ዝም ሲል፦ በኮሞዶር 64 ሞደም የማስደወል መመሪያ

ክረምት ሊገባ ሲል የእህቴ ልጅ ከጀርመን የመጣለትን ኮሞዶር 64 የሚባል የድሮ የቤት ኮምፒውተር በማዳበሪያ ጠቅልሎ በባጃጅ ይዞልኝ መጣ። በርጩማ ስቦ ገና ሳይቀመጥ «ጋሼ፣ ሞደሙ ሞቷል» አለኝ። ሞደም ኮምፒውተር በስልክ መስመር ከሌላ ኮምፒውተር ጋር የሚነጋገርበት መሣሪያ ነው። ሞደሙ አልሞተም ነበር። ተርሚናል ሶፍትዌሩ (ሞደሙን የሚያነጋግረው ፕሮግራም) ሜኑ ውስጥ የሌላ ሞደም ስም ተመርጦ ነው የተገኘው። ስክሪኑ «በመደወል ላይ» ይላል፣ ቁጥሩን ይጽፋል፣ ሰከንድ ይቆጥራል፤ ወደ ሞደሙ ግን አንዲት ፊደል አልደረሰችም። ይህንን ለማግኘት ሁለት ሰዓት ፈጀብን፤ በሥርዓት ብንሄድ ኖሮ አሥር ደቂቃም ባልፈጀ።

ስለዚህ ከታች የጻፍኩት ያንን ሥርዓት ነው። በዚህ ሥራ ስክሪኑን አትመኑት። የሚታመኑት ጆሯችሁና የሞደሙ መብራቶች ናቸው። በእጃችሁ ጽፋችሁ ያልደወላችሁትን ቁጥር ደግሞ ፕሮግራሙ ራሱ እንዲደውልላችሁ አትጠብቁ።

በዚህ ዘመን ጅማ ተቀምጦ በሞደም ለማን ይደወላል የሚል አይጠፋም። እኔ የምደውለው ለጓዳዬ ነው። ሱቁን ከዘጋ ሰው ያገለገለች ባለ 8 መስመር የቢሮ ስልክ ማከፋፈያ ከመርካቶ ገዝቼ ሳሎንና ጓዳ ዘርግቼያታለሁ። ሳሎን ያለው ኮሞዶር 21 ቁጥር ነው፤ ጓዳ ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ከነሞደሙ 22። ወደ ውጭ ለመውጣት 9 ይቀድማል። የውስጥ ጥሪ ሒሳብ ስለሌለው ሌሊቱን ሙሉ ቢደወል የሚቆጣ የለም። ነገሩ ከጨዋታም በላይ ታሪክ አለው፦ ኢንተርኔት እ.ኤ.አ. በ1997 አገራችን ከመግባቱ በፊት፣ አዲስ አበባ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ የነበረው ፓዲስ የሚባል የመረጃ ክፍል በፊዶኔት፣ በሞደም በሚደዋወሉ ኮምፒውተሮች መረብ፣ ኢሜይል ያመላልስ ነበር። ሞደም ይደውላል፣ መልእክት ይጭናል፣ መልእክት ያራግፋል፣ ስልኩ ይዘጋል። የጓዳችን ሥራ የዚያ ታናሽ ወንድም ነው።

ስለ አጻጻፌ አንድ ነገር ላስቀድም። ለሞደም የሚሰጡትን ትእዛዞች በፊደላቱ ስም እጽፋቸዋለሁ። «ኤ-ቲ» ካልኩ እነዚያን ሁለት የላቲን ፊደላት ያለ ሰረዝ ጽፋችሁ ሪተርን ትጫናላችሁ ማለት ነው።

ከመንካታችሁ በፊት

የጅማ ክረምት መብረቁ አይታመንም። ሰማዩ በጅሬን በኩል መጥቆር ሲጀምር የሞደሙን ገመድ ከስልኩ ሶኬት ንቀሉ። ኮምፒውተሩን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ መብረቅ በስልክ ሽቦ ገብቶ ሞደሙን አልፎ ማዘርቦርዱ ድረስ ይሄዳል።

የኮሞዶሩን ጥቁር ፓወር ሰፕላይ በቴስተር ሳትለኩ አትሰኩት። 5 ቮልት የሚሰጠው ወገን ሲያረጅ ቮልቱ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፤ ሚሞሪውን የሚያቃጥለውም ይኸው ነው። ከ5.25 በላይ ካሳየ ሌላ ፈልጉለት። መብራት ሄዶ ሲመጣም ማብሪያው ጠፍቶ ይጠብቅ።

ሞደም የሚሰካው ፊት ለፊት ስትቀመጡ ከኋላ በግራ ጥግ ባለው ባለ 24 ንክኪ ዩዘር ፖርት ላይ ነው። ኮምፒውተሩ በርቶ እያለ እዚያ ምንም አትሰኩ፣ ምንም አትንቀሉ። ከጀርባው ያለው 6526 የሚባል ቺፕ በአንዲት ብልጭታ ይሄዳል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ተራ የሞደም ገመድ ቆርጦ በቀጥታ መበየድ ነው። ዩዘር ፖርቱ የሚያውቀው 0 እና 5 ቮልት ነው፤ የውጭ ሞደም ግን በአርኤስ-232 ደንብ ከ3 እስከ 15 ቮልት ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ እየቀያየረ ነው የሚናገረው። መሀላቸው ማክስ-232 ወይም የመሰለ ቺፕ ያለበት አስማሚ የግድ ነው።

ያ ሁሉ ተሟልቶ ዝም ካለ ንክኪዎቹን በባትሪ ብርሃን እዩአቸው። የእኛ ከተማ እርጥበት የዩዘር ፖርቱን ጥርሶች ያጠቁራል። ነጭ የእርሳስ ላጲስ በቀስታ አሻሹባቸው፣ ከዚያ በጥጥና በኢሶፕሮፒል አልኮል ጥረጉ። አረቄ አይሆንም፤ ሞክሬዋለሁ፤ ውሃው የባሰ ንክኪ ትቶ ነው የሚሄደው፤ ቤቱም እንደ ጠጅ ቤት ይሸታል።

1. መስመሩን በተራ ስልክ ፈትሹ

ሞደሙን ተዉትና ያንኑ ሶኬት ላይ ተራ የቤት ስልክ ሰኩ። ድምፅ አለ? 22 ብላችሁ ስትመቱ ጓዳ ያለው ይጠራል? ካልጠራ ችግሩ የሞደም አይደለም፣ እዚሁ ቁሙ።

ከጠራ ስልኩን ነቅላችሁ ሞደሙን ሰኩ። ሞደሙ ጀርባ ላይ ሁለት አንድ ዓይነት ቀዳዳ አለ። «ላይን» የተባለው ወደ ግድግዳው፣ «ፎን» የተባለው ወደ ቤት ስልኩ ነው። ተቀያይሮ ሲሰካ ብዙ ሞደሞች ምክንያቱን ሳይናገሩ «መስመር የለም» እያሉ ይኖራሉ።

የውጭ መስመር ለምትጠቀሙ ሁለት ነገር። በዚያው ሽቦ ላይ ኤዲኤስኤል ኢንተርኔት ካለ ሞደሙ የሚገባው በስፕሊተሩ የስልክ ቀዳዳ ነው፤ አለዚያ የኢንተርኔቱ ፉጨት ይረብሸዋል። አንቴና ያለው ገመድ አልባ የጠረጴዛ ስልክ ደግሞ ከሆነ ያላችሁ፣ መዳብ ሽቦ የላችሁም ማለት ነው። እንዲህ ያለው ስልክ ድምፅን የሚያሳጥረው ለሰው ንግግር ስለሆነ የሞደም ጩኸት አያልፍበትም። ወደ 5ኛው ዝለሉ።

2. ሞደሙን በእጃችሁ አነጋግሩት

ተርሚናል ሶፍትዌሩን ክፈቱ፤ ኖቫተርም ይሁን ሲሲጂኤምኤስ ለውጥ የለውም። ፍጥነቱን 1200 (ቢት በሰከንድ) አድርጉ። የኮሞዶሩ የራሱ የሮም ፕሮግራም እስከ 1200 በሰላም ይሠራል፤ 2400 ላይ ፊደል መዝለል ይጀምራል፣ ከዚያ በላይ የተለየ ድራይቨር ይፈልጋል። አሁን የምንፈልገው እርጋታ ነው።

«ኤ-ቲ» ጻፉና ሪተርን ምቱ። ሞደሙ «ኦኬ» ብሎ ይመልሳል፤ ወይም በቁጥር እንዲመልስ ከታዘዘ 0 ብሎ።

ምንም ካልመለሰ መብራቶቹን እዩ። በውጭ ሞደም ላይ «ኤስዲ» የምትባለዋ መብራት ፊደል በተየባችሁ ቁጥር ብልጭ ማለት አለባት። ካላለች ፊደሉ ከኮምፒውተሩ አልወጣም፤ ጥፋቱ ከኬብሉ፣ ከአስማሚው ወይም ከሜኑው ነው። ብልጭ እያለች መልስ ከሌለ ግን ሞደሙ እየሰማ አልገባውም፣ ወይም እንዳይመልስ ታዟል። በእነዚህ ሁለት መሀል ያለው ልዩነት ግማሽ ቀን ያተርፍላችኋል።

ላለመግባቱ ዋናው ምክንያት የኮሞዶር ፊደል ነው። ኮሞዶር የራሱ ፔትስኪ የሚባል የፊደል ቁጥር አለው። ሺፍት ሳትጫኑ የምትጽፉት ፊደል ከ65 እስከ 90 ያለው ቁጥር ነው፤ ይህ ሌላው ዓለም በሚጠቀምበት የፊደል ቁጥር፣ በአስኪ፣ ትልቁ ፊደል ነውና ሞደሙ ይገባዋል። ሺፍት ተጭናችሁ ከጻፋችሁ ግን 193 እና 212 ነው የምትልኩለት፤ ለሞደሙ ይህ ኤ-ቲ አይደለም። የእህቴ ልጅ ለትእዛዝ ክብር ብሎ በትልቁ ነበር የሚጽፈው! ወይ ሶፍትዌሩን ወደ አስኪ ቀይሩት፣ ወይ ሺፍቱን ተዉት። አንዱን ፊደል ትልቅ አንዱን ትንሽ ማድረግም አይሆንም።

እንዳይመልስ ታዞ ከሆነ ሳይታያችሁ ጻፉ፦ «ኤ-ቲ-ኢ1-ኪው0-ቪ1»። ኢ1 የምትጽፉትን መልሶ እንዲያሳያችሁ፣ ኪው0 እንዲመልስ፣ ቪ1 በቃል እንዲመልስ ያዘዋል። ቀድሞ የነበረው ሰው ምን እንዳደረገው ካላወቃችሁ «ኤ-ቲ-&ኤፍ» ወደ ፋብሪካው ሁኔታ ይመልሰዋል። የሆነ ሆኖ የ«&» ምልክት ያላቸው ትእዛዞች በጣም የጥንት ሞደሞች ላይ አይሠሩም፤ ሄይስ እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው የመጀመሪያው ስማርትሞደም እነዚህ አልነበሩትም።

«ቲአር» የምትባለዋን መብራትም እዩ። ኮምፒውተሩ «አለሁ» የሚልባት መስመር ናት። ከጠፋች ብዙ ሞደም ገና ሳይደውል ስልኩን ይዘጋል። ለሙከራ «ኤ-ቲ-&ዲ0» ካላችሁት መስመሯን ችላ ይላታል።

3. በእጃችሁ ደውሉ፣ በጆሯችሁ አድምጡ

መጀመሪያ ጓዳ ያለው ሞደም ስልክ እንዲያነሣ «ኤ-ቲ-ኤስ0=1» በሉት፤ በመጀመሪያው ጥሪ ያነሣል። ወደ ሳሎን ተመለሱና «ኤ-ቲ-ኤም1-ኤል2» ብላችሁ ስፒከሩን ክፈቱ። አሁን፦ «ኤ-ቲ-ዲ-ቲ-22»።

ደህና ጥሪ የራሱ ቅደም ተከተል ያለው ዜማ ነው። ቀጭ፤ ይህ ሪሌዩ (በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ ማብሪያ) ስልኩን ሲያነሣ ነው። ከዚያ የመስመሩ ድምፅ። ከዚያ ሁለት አጫጭር ቃና። ከዚያ ጥሪ። ከዚያ የጓዳው ሞደም ረጅም ፉጨት፣ የእኛው ምላሽ፣ ሹሹታ፣ ጸጥታ። በስክሪኑ ላይ 1200 መገናኘቱ ይጻፋል። ዜማው የተቆረጠበት ቦታ በሽታውን ይነግራችኋል።

ቀጭ ሳይል ከቀረ ትእዛዙ አልደረሰም ወይም ሪሌዩ ተበላሽቷል። ወደ 2 ተመለሱ።

ቀጭ ብሎ፣ የመስመሩን ድምፅ እናንተ እየሰማችሁት፣ ሞደሙ ግን «የመስመር ድምፅ የለም» ብሎ (በቁጥር 6) ከዘጋ፣ ሞደሙ የለመደው ሌላ ድምፅ ነው። ለአሜሪካ የተሠራ ሞደም የሚጠብቀው 350 እና 440 ኸርዝ የተቀላቀሉበትን ድምፅ ነው፤ ብዙ አገር ግን በ425 አካባቢ ያለች አንዲት ድምፅ ነው ያለችው። ትንንሽ የቢሮ ማከፋፈያዎች ደግሞ ቆረጥ ቆረጥ የሚል የራሳቸው ድምፅ አላቸው። መድኃኒቱ «ኤ-ቲ-ኤክስ3» ነው፦ ድምፁን ሳትጠብቅ ደውል፣ ቢዚውን ግን ለይ። እምቢ ካለ ኤክስ1። ኤክስ4 የሚባለው ሁለቱንም ይጠብቃል፤ በቢሮ ማከፋፈያ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚያደናቅፈው እሱ ነው። እኔ ቤት ካለው ችግር ግማሹ በኤክስ3 ብቻ ተፈውሷል።

ቃናው ከወጣ በኋላ የመስመሩ ድምፅ ካላቋረጠ ማከፋፈያው ቃናውን አልቆጠረውም። ወይ ቃናው አጥሯል፣ ወይ መስመሩ የሚያውቀው የድሮውን የዲስክ ስልክ ምት ብቻ ነው። ለመጀመሪያው «ኤ-ቲ-ኤስ11=120» ብላችሁ የእያንዳንዱን ቃና ርዝመት ወደ 120 ሚሊሰከንድ አስረዝሙ። ለሁለተኛው በቲ ፈንታ ፒ፦ «ኤ-ቲ-ዲ-ፒ-22»።

ስለ ምት ትንሽ ልዘግይ፤ ያሳፈረኝ ነገር አለና። በምት ሲደወል ሞደሙ መስመሩን እየቆረጠ እየቀጠለ ነው የሚቆጥረው፦ ለ3 ሦስት ጊዜ፣ ለ0 አሥር ጊዜ፣ በሰከንድ አሥር ምት። አንድ ሰሞን ፕሮግራሜ ወደ ውጭ፣ ሞደም ወዳለው ወዳጄ ቤት፣ እንዲደውል አድርጌ ቡና ልጠጣ ወጣሁ። ስመለስ ስፒከሩ ውስጥ አንዲት እናት «ሃሎ! ሃሎ! ማነው የሚያፏጭብኝ?» ይላሉ። ፕሮግራሙ «አልተገናኘም» ብሎ ዘግቶ በየደቂቃው እንደገና ይደውልላቸው ነበር። አሥራ አንድ ጊዜ! ቁጥሩን በስልክ ማውጫው ውስጥ ሦስቴ አየሁት፣ ትክክል ነው።

ጎረቤታችን የስልክ ማዞሪያ ጡረተኛ ናቸው። ነገሩን ስነግራቸው ቃል ሳይናገሩ ከቤታቸው ዲስኩ የሚዞር ጥቁር ስልክ አምጥተው ከሞደሙ ጎን በዚያው መስመር ላይ ሰኩት። «በል አስደውለው» አሉኝ። ሞደሙ ሲመታ የጥቁሩ ስልክ ደወል በእያንዳንዷ ምት ቲን ትላለች። ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ቆጠሩ።

«ስንት ነው ያዘዝከው?»

«ሰባት።»

«እኔ ስምንት ቆጠርኩ። ሪሌዩ ሁለቴ እየነካ ነው።»

ያረጀ ሪሌይ ሲዘጋ ይነጥርና አንዷን ምት ሁለት ያደርጋታል። 7 ስምንት ሆኖ የሰው ቤት ገባ። መፍትሔው ደግሞ የሚያስቀው ነው፤ መስመሩ ቃና ይቀበል ነበር፣ በምት የሚደውልበት ምክንያት አልነበረም። የሶፍትዌሩ መነሻ ቅንብር ፒ ስለነበረ ብቻ ነው። ፒውን ቲ አደረግሁት፣ አለቀ። በምት መደወል የግድ የሆነባችሁ ግን የተሳሳተ ቁጥር ከወጣ «ኤ-ቲ-&ፒ1» ሞክሩ። የምቱን የመክፈቻና የመዝጊያ ድርሻ ከአሜሪካው 61 ለ39 ወደ 67 ለ33 ይቀይረዋል፤ አንዳንድ ማከፋፈያ ይህን ይመርጣል።

ወደ ውጭ ስትወጡ ከ9 በኋላ ኮማ አትርሱ፦ 9፣ ኮማ፣ ቁጥሩ። ኮማዋ የላቲኗ ናት፤ ለ2 ሰከንድ ታስጠብቃለች። ያለሷ የውጩ ድምፅ ሳይመጣ የመጀመሪያዎቹ አሃዞች ይዋጣሉ። 2 ሰከንድ ካነሰ ሁለት ኮማ ጻፉ። ሌላ ከተማ ያለ ሰው ወደ ጅማ ከደወለ 047 ከነዜሮው ይግባ።

ጠርቶ ጠርቶ ማንም ሳያነሣ «ካሪየር የለም» (3)፣ ማለትም የሌላው ሞደም ፉጨት አልተሰማም፣ ካለ ጓዳውን ሂዳችሁ እዩ፤ ስልክ በራሱ ለማንሣት መዘጋጀቱን የምታሳየው የኤኤ መብራት ጠፍታ ይሆናል። ተነሥቶ ፉጨቱ ተሰምቶ ሳይግባቡ ከዘጉ ደግሞ ሁለት ነገር ይታያል። አንዱ ጊዜ ነው፤ ኤስ7 ስንት ሰከንድ እንደሚጠብቅ ይወስናል፣ «ኤ-ቲ-ኤስ7=60» በሉት። ሁለተኛው ቋንቋ ነው፣ በተለይ በ300። የአሜሪካው ቤል 103 ሞደም ደዋይ ሆኖ በ1070 እና በ1270 ኸርዝ ሲናገር፣ የአውሮፓው ቪ.21 በ980 እና በ1180 ይናገራል። ሁለቱም 300 ነን ይላሉ፤ አይግባቡም። «ኤ-ቲ-ቢ0» ወደ አውሮፓው፣ «ኤ-ቲ-ቢ1» ወደ አሜሪካው ያዞራል። በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ይሁን።

ተገናኝቶ ስክሪኑ ላይ ቅንፍና ማዕበል ምልክት የሚዘንብ ከሆነ ውጭም ዝናብ አለ ማለት ነው። እየቀለድኩ አይደለም፤ መገጣጠሚያ ሳጥን ውስጥ ውሃ ሲገባ መስመሩ እንዲህ ነው የሚያለቅሰው። ወደ 300 ዝቅ በሉ ወይም እስኪያባራ ጠብቁ።

4. አሁን ፕሮግራሙ ይደውል

በእጅ የተደወለው ከሠራ፣ የፕሮግራሙ ግን ካልሠራ፣ ሽቦና መስመር ነጻ ወጥተዋል። የቀረው ፕሮግራሙ የሚልከውና የሚጠብቀው ነው።

የሞደሙን ዓይነት አስቀድሙ። የኮሞዶር 1650 ሞደም ትእዛዝ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ፕሮግራሙ ራሱ በዩዘር ፖርቱ አንዲት መስመር ሪሌዩን እያንቀሳቀሰ ነው ምቱን የሚመታለት። 1660 ቃና ሲፈልግ ድምፁን የሚያወጣው የኮምፒውተሩ የድምፅ ቺፕ ነው፤ በተለየ የድምፅ ገመድ ወደ ሞደሙ ይገባል፣ ገመዷ ካልተሰካች ዝም ነው። 1670 ግን በኤ-ቲ ትእዛዝ ይሠራል። የሄይስ ዓይነት፣ በኤ-ቲ የሚታዘዝ ሞደም ሰክታችሁ ሜኑው ላይ 1650 ካለ፣ ፕሮግራሙ ማንም ያልሰካባትን ሽቦ እየነካካ «እየደወልኩ ነው» ይላችኋል። የእህቴ ልጅ በሽታ ይህ ነበር። ሄይስ የሚለውን ምረጡ።

ቀጥሎ ፕሮግራሙ የሚልከውን በዓይናችሁ እዩ። የምወደው ዘዴ ይኸውና፦ ሞደሙን ነቅላችሁ በቦታው ላፕቶፕ ሰኩ፣ መላኪያና መቀበያው በተሻገረ ገመድ። ላፕቶፑ ላይም ተርሚናል ክፈቱና እናንተ ሞደም ሁኑ! ኮሞዶሩ ሲደውል የላከው ሁሉ ላፕቶፑ ላይ ይታያል። በላቲን ፊደል «ኦኬ» ብላችሁ በእጃችሁ መልሱለት፣ ዝም በሉት፣ ቢዚ በሉት፣ ተገናኝቷል በሉት፤ ምን እንደሚያደርግ እዩ። እኔ በዚህ መንገድ አንድ ምሽት ላይ ሦስት ጥፋት አገኘሁ።

የመጀመሪያው፣ ፕሮግራሙ ሞደሙን ለማደስ «ኤ-ቲ-ዜድ» ልኮ ወዲያው በዚያው መስመር ሌላ ትእዛዝ ይደርብ ነበር። ከዜድ በኋላ በዚያው መስመር የሚመጣውን ሞደም አይሰማም፤ ከዜድ በኋላም እስኪነቃ አንድ ሁለት ሰከንድ ይፈልጋል። ዜዱን አውጥቼ ማስጀመሪያውን «ኤ-ቲ-ኢ1-ኪው0-ቪ1-ኤክስ3» አደረግሁት።

ሁለተኛው፣ ማስደወያው ቁጥሩን ይልክና ሪተርን አይጨምርም። የ«ማብቂያ» ቦታው ባዶ ነበር። ሞደሙ ትእዛዙ እስኪያልቅ እየጠበቀ፣ ፕሮግራሙ ሞደሙ እስኪመልስ እየጠበቀ ተፋጠጡ።

ሦስተኛው፣ መልሱን አለማወቅ። ፕሮግራሙ በቃል ይጠብቃል፣ ሞደሙ ቪ0 ሆኖ በቁጥር ይመልሳል። በቁጥር ከሆነ 0 እሺ፣ 1 በ300 ተገናኘ፣ 3 ካሪየር የለም፣ 4 ስሕተት፣ 5 በ1200 ተገናኘ፣ 6 የመስመር ድምፅ የለም፣ 7 ቢዚ፣ 10 በ2400 ተገናኘ ማለት ነው። ቢዚን የማያውቅ ፕሮግራም ጊዜው እስኪያልቅ ዝም ብሎ ይቆማል። ሞደሙ በኤክስ0 ከሆነ ደግሞ ቢዚ የሚል ቃል ከነጭራሹ የለውም።

ከዚህ ሌላ የሚያሳስተው የካሪየር መስመር ነው። ፕሮግራሙ ገና ሲደውል «ተገናኝተናል» ካለ፣ ሞደሙ &ሲ0 ሆኖ ካሪየር ሁልጊዜ አለ እያለ ነው፤ «ኤ-ቲ-&ሲ1» አድርጉት። ያም ሆኖ ከተገላበጠ፣ ማለትም ሲገናኝ «ተቋረጠ» ካለ፣ አስማሚው ምልክቷን ገልብጧታል፤ ብዙ ሶፍትዌር ሜኑው ውስጥ መገልበጫ አለው።

ሁሉንም አድርጋችሁ ሶፍትዌሩን አሁንም የምትጠረጥሩት ከሆነ በኮሞዶሩ የራሱ የፕሮግራም ቋንቋ በቤዚክ ፈትኑት። ፋይል 2ን በመሣሪያ ቁጥር 2 ክፈቱ፤ ከዚያ የሚከተለው የካራክተር ቁጥር 6 ከሆነ 300፣ 8 ከሆነ 1200 ነው። ትእዛዙን በካራክተር 13 ጨርሳችሁ ላኩ። መክፈቻውን የፕሮግራሙ የመጀመሪያ መስመር አድርጉት፤ ሲከፈት ለራሱ 512 ባይት ወስዶ ቀድማችሁ ያስቀመጣችሁትን ተለዋዋጭ ሁሉ ያጠፋል። ሞደሙ በዚህ ከደወለ፣ ሶፍትዌሩን በልበ ሙሉነት ቀይሩ።

ፍሎፒውን የሚነካ ነገር በጥሪ መሀል አታድርጉ። ኮሞዶር በሞደም እየሰማ ዲስክ ማንበብ አብሮ አይሆንለትም። አንዳንድ ማስደወያ የስልክ ማውጫውን ከዲስክ እያነበበ በዚያው ቅጽበት የሞደሙን መልስ ያመልጠዋል። ማውጫውን አስቀድማችሁ ጫኑ።

5. የመዳብ መስመር ለሌላችሁ

የዋይፋይ ሞደም የሚባል አለ፤ ኢኤስፒ8266 በሚባል ቺፕ የተሠራ፣ የኤ-ቲ ትእዛዝ የሚቀበል፣ በስልክ ቁጥር ፈንታ የኢንተርኔት አድራሻ የሚደወልበት። ከዲ-ቲ በኋላ አድራሻው፣ ሁለት ነጥብ፣ የፖርት ቁጥሩ ይገባል። እዚህ የመስመር ድምፅም ምትም የለም፤ የሚያስቸግሩት ሌሎች ናቸው።

ቺፑ 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው የሚያየው፤ ራውተራችሁ 5 ላይ ከሆነ አያገኘውም። ፍጥነቱን ደግሞ እንደ ድሮው ሞደም ከአጻጻፋችሁ አይገምትም፤ በውስጡ በተቀመጠው ፍጥነት ብቻ ነው የሚሰማው፤ ስለዚህ 300፣ 1200፣ 2400፣ 9600 እያላችሁ መሞከር ነው። የዋይፋዩን ፓስወርድ ከኮሞዶር ስትጽፉ በፔትስኪ ሁኔታ ሺፍት የሌለው ፊደል ትልቅ ሆኖ፣ ሺፍት ያለው ደግሞ ከ193 ጀምሮ ባለው ቁጥር ሆኖ ይሄዳል። እኔ አንድ ሳምንት ራውተሩን ስወቅስ ከርሜያለሁ። ለዚያች ለአንዷ መስመር ወደ አስኪ ቀይሩ።

6. መዝጋት

ማስደወል የተሳካለት ሰው ሁሉ መዝጋት ላይ ይሰነፋል። አንድ ሰከንድ ምንም አትጻፉ፣ ሦስት የመደመር ምልክት አከታትላችሁ ጻፉ፣ ሪተርን ሳትጫኑ አንድ ሰከንድ ጠብቁ። ሞደሙ «ኦኬ» ሲል «ኤ-ቲ-ኤች»። ፕሮግራሙ ይህን ሲያደርግ ካልዘጋ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ አንዷን ሰከንድ አለመጠበቁ ነው። በማስደወያው ሜኑ ውስጥም የድጋሚ ጥሪውን ቁጥር ገድቡ፤ እኔ 3 ላይ አቁሜዋለሁ፣ በመሀላቸው 90 ሰከንድ። በመጨረሻም የ«ኦኤች» መብራት መጥፋቷን እዩ። በርታ ካደረች ስልኩ አልተዘጋም፤ ገመዱን ከግድግዳው ንቀሉት።